ለቤት ሰርቨር የትኛው ሊኑክስ? ከአዳማ ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ «አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምኖረው። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ገዛሁ። ኮር አይ 5፣ ሦስተኛ ጀነሬሽን ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ። 120 ጊጋ ኤስኤስዲ እና 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለው። የቤተሰብ ፎቶ ላስቀምጥበት፣ ልጆቹ ፊልም በቲቪ እንዲያዩበት፣ አስተማሪ የሆነችው ባለቤቴም ፋይሎቿን እንድታኖርበት ነው ያሰብኩት። ሊኑክስ ጫን ተባልኩ፤ ግን የትኛውን? የእህቴ ልጅ ካሊ ነው ጠንካራው ይላል። የመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ሰው ሰርቨር ከሆነ ሴንትኦኤስ ነው አለኝ። አርች ፈጣን ነው የሚሉም አሉ፣ ፕሮክስሞክስ የሚሉም አሉ። ኢንተርኔቴ የ4ጂ ራውተር ነው፤ ፓኬጅ እየገዛሁ ነው የምጠቀመው። መብራቱን እንደምታውቁት ነው። አንዱን ንገሩኝና ልገላገል።»

መልስ፦ ለመገላገል ከሆነ አጭር ነው፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን 13ን ያለ ዴስክቶፕ፣ ማለትም በመስኮትና በመዳፊት የሚሠራበት ገጽ ሳይኖረው፣ ይጫኑ። ምክንያቱን ማወቅ ከፈለጉ ይቀጥሉ። በተለይ ወደ ኋላ ላይ የማነሳቸው ነገሮች ከምርጫው ራሱ በላይ ይጠቅምዎታል፤ ዴቢያንም ሆነ ሌላ ሊኑክስ የማይፈታልዎት ችግር ብዙ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ጠንካራው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ መንገድ ያስታል። የጠቀሷቸው ስሞች ሁሉ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ላይ ነው የቆሙት። ፋይል ለዊንዶውስና ለስልክ የሚያጋራው ሳምባ በሁሉም ላይ ያው ሳምባ ነው። ፊልም ለቲቪ የሚያቀርበው ጄሊፊንም እንደዚሁ። የእርስዎ 2 ቴራ ዲስክ አርች ላይ ሲሆን አይፈጥንም፣ ዴቢያን ላይ ሲሆን አይዘገይም።

የሚለያዩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ቨርዥን ስንት ዓመት የደህንነት ማስተካከያ ያገኛል? አፕዴቱ ስንት ፓኬጅ ይበላል? መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል? ስድስት ወር ዞር ብለው ሳያዩት ቆይተው ሲመለሱ በአንድ ኮማንድ ይስተካከላል ወይስ ቅዳሜና እሑድዎን ይበላል? የሚመዘነው በዚህ ነው። እነዚህን ይዘን የተመከሩትን አንድ በአንድ እንያቸው።

ካሊ ለተሠራለት ሥራ ጥሩ ነው። የተሠራው የሲስተሞችን ደካማ ጎን እየፈለጉ ለሚፈትሹ የደህንነት ባለሙያዎች ነው። እሱን የቤት ሰርቨር ማድረግ ቁልፍ ሰሪን ዘበኛ አድርጎ እንደመቅጠር ነው፤ በር የመክፈት ችሎታው በር አይጠብቅልዎትም። እንዲያውም ካሊ ላይ የኔትወርክ አገልግሎቶች በራሳቸው እንዳይነሱ ሆን ተብሎ ታግደዋል። ለፈታሹ ይሄ ትክክል ነው፤ ሰው ኔትወርክ ውስጥ ገብቶ የራሱን በር ከፍቶ መቀመጥ አይፈልግም። ለእርስዎ ግን ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። ሳምባን ጭነው፣ ሠርቶ፣ ደስ ብሎዎት፣ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳምባው ላይነሳ ይችላል። ደግሞ ካሊ የሚወጣው ከዴቢያን ነው፤ ያውም ገና በሙከራ ላይ ካለው ቅርንጫፉ። የእህትዎ ልጅ መማር ከፈለገ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ይማርበት፣ ጥሩ ሙያ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ማሽን ላይ ግን አይሆንም።

አርች ፈጣን የሚባለው ትኩስ ስለሆነ ነው። ቨርዥን የሚባል ነገር የለውም፤ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ይገባል። ስለዚህ አፕዴቱ ማለቂያ የለውም፤ ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ወጪ ነው። ወራት ረስተውት ሲመለሱ ደግሞ አፕዴቱ የእውነት መሆኑን የሚያረጋግጥባቸው የፊርማ ቁልፎች አርጅተው «ይሄን ፊርማ አላምንም» ብሎ አፕዴት ሊከለክልዎት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ችግሩ ግን መፍትሔውን ማወቅ የእርስዎ የቤት ሥራ መሆኑ ነው።

ትኩስ መሆን ሌላም ዋጋ አለው። በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በሚባል ፋይል የሚያምቅ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ከሌላ ማሽን ሆኖ ሰርቨር ውስጥ በሚያስገባው ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን እንደሆነ መቆፈር ጀመረ። የተበከሉት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች እስከዚያ ድረስ ወደ ዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፍ፣ ወደ ፌዶራ የሙከራ ቨርዥኖች፣ ወደ ኦፕንሱሴ ተምብልዊድ እና ወደ ካሊ ገብተው ነበር። አርችም የተበከለውን ፕሮግራም አስገብቶታል፤ የኤስኤስኤች አሠራሩ ስለሚለይ ነው የተረፈው። ሰው ሁሉ «ያረጀ ነው» የሚለው የተረጋጋው ዴቢያን ግን ጭራሽ አልነካውም። የድሮውን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የቨርዥኑ ቁጥር አረጀ ማለት ቀዳዳው ክፍት ነው ማለት አይደለም። የዴቢያን የደህንነት ቡድን ማስተካከያውን ብቻ ወስዶ የድሮው ቨርዥን ላይ ይለጥፈዋል። ፕሮግራሙ ፀባዩን አይቀይርብዎትም፣ ማስተካከያው ግን ይደርስዎታል። በዚያ ላይ የሚወርደው ነገር ትንሽ ነው።

የመሥሪያ ቤትዎ የአይቲ ሰው የሰጡዎት ምክር ለረጅም ዓመታት ትክክለኛ ምክር ነበር። ሴንትኦኤስ ለድርጅቶች ሊኑክስ የሚሸጠውን የሬድ ሃት ኩባንያን ሥራ በነፃ የሚያደርስ፣ ለአሥር ዓመት የማይነቃነቅ ነገር ነበር። ታሪኩ የተቀየረው በታኅሣሥ 2020 ነው። ሬድ ሃት አቅጣጫ መቀየሩን አስታወቀ፤ ሰዎች እስከ 2029 ይቆያል ብለው የተማመኑበት ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ ተዘጋ። ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ በሰኔ 2024 አበቃ። ዛሬ ሴንትኦኤስ ስትሪም የሚባለው ስሙን ወርሷል እንጂ ሥራው ሌላ ነው፤ የሬድ ሃት ቀጣይ ነገር ቀድሞ የሚታይበት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ሴንትኦኤስ 7 በፍላሽ አለኝ፣ ልስጥህ» ካለዎት አመስግነው ይለፉት። ማስተካከያ የማይወጣለት ሲስተም ነው።

የሴንትኦኤስን ቦታ የያዙት ሮኪ ሊኑክስ እና አልማሊኑክስ ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ አሥር ዓመትም ይቆያሉ። ግን የእርስዎ ማሽን ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ቨርዥን 10 ኤቪኤክስ 2 የሚባል ችሎታ ያለው ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ኢንቴል ይሄን በኮር ፕሮሰሰሮቹ ላይ ያስገባው በ2013 ከአራተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። የእርስዎ ሦስተኛ ነው፤ በአንድ ደረጃ አመለጠዎት። ሮኪ 10ን ልጫን ብለው እምቢ ቢልዎት ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደነግጡ። አልማ ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ ፕሮሰሰር ለብቻው ያዘጋጀው ቅጂ አለው፤ ቨርዥን 9ም ይሠራል። ግን በደህና የሚገባ ነገር እያለ በጎን በር መግባት ለምን አስፈለገ? ዴቢያን 13 ማንኛውም ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ላይ ይነሳል። ፌዶራን አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም አንዱ ቨርዥን የሚቆየው 13 ወር ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይቅር።

ፕሮክስሞክስ በአንድ ማሽን ውስጥ ብዙ ማሽኖችን ለማኖር ነው። እሱም ራሱ ዴቢያን ላይ የቆመ ነው። 8 ጊጋ ራም ይዘው ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ቢከፍቱ ሦስቱንም ያስርቧቸዋል። ፋይል ማጋራትና ፊልም ማሳየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው አንድ ፎቅ ትርፍ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ችግሩ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ መፈለግም አለ። ትሩናስም ለእርስዎ አይሆንም። የፋይል ማከማቻ ሲስተም ነው፤ የተሠራው ዜድኤፍኤስ ለሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ነው፤ የዜድኤፍኤስ ጥቅሙ ደግሞ በደንብ የሚታየው ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ ሲኖር ነው። ኤስኤስዲዎን በሙሉ ለራሱ ሲስተም ይይዘዋል፤ ራምም ይወዳል።

ኮማንድ መጻፍ ጨርሶ የማይሆንልዎት ከሆነ ኦፕንሚዲያቮልት የሚባል አለ። ከዴቢያን የተሠራ ነው፤ በብሮውዘር ገብተው በመዳፊት ያስተካክሉታል። ገደቡን ግን ይወቁት። በብሮውዘሩ የሚያስተካክሉትን ነገር በእጅዎ ፋይል ከፍተው ከቀየሩት አንድ ቀን መልሶ ይሽረዋል። ወይ ሙሉ በሙሉ በእሱ ይመሩ፣ ወይ ይተዉት።

እውነተኛው ተፎካካሪ ኡቡንቱ ነው። ቁጥሩ ጥንድ ዓመት ሆኖ በ.04 የሚያልቀው፣ እንደ 24.04 ያለው፣ አምስት ዓመት ይደገፋል። ለግል ጥቅም እስከ አምስት ማሽን በነፃ በሚሰጠው ኡቡንቱ ፕሮ ደግሞ አሥር ዓመት ይደርሳል። ሌሎቹ ቁጥሮች ዘጠኝ ወር ብቻ ስለሚቆዩ ለሰርቨር አይንኳቸው። ታዲያ ለምን ዴቢያንን መረጥኩ? አንደኛ ፓኬጅ ነው። የኡቡንቱ ሰርቨር መጫኛ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፤ የዴቢያን ትንሹ መጫኛ ከ1 ጊጋ በታች ነው፣ የቀረውን የሚፈልጉትን ብቻ ያወርዳል። ሁለተኛ ስናፕ ነው። ስናፕ የሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም ማደያ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር ካለ እያየ ራሱን ያድሳል። ማስቆም ይቻላል፤ ግን ማስቆም እንዳለብዎት ማወቅ አለብዎት፣ ፓኬጁ ካለቀ በኋላ ሳይሆን በፊት። ይሁንና ኡቡንቱ የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለዎት ኡቡንቱን ይጫኑ፤ አልከራከርም። ነገር ሲበላሽ ማታ ደውለው የሚያገኙት ሰው ከማንኛውም ቨርዥን ይበልጣል።

እንግዲህ ዴቢያን። ቨርዥን 13 የወጣው በነሐሴ 2025 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ አለው፤ ከዚያ በረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ 2030 ይዘልቃል። 14 ሲወጣም እዚያው ላይ ያሳድጉታል፣ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። «ዴቢያን ዋይፋይና የኔትወርክ ካርድ አይለይም» የሚባለው ወሬ ከ12 በፊት እውነት ነበረው። ከ2023 ወዲህ ግን ነፃ ያልሆኑት ፈርምዌሮች፣ ማለትም ካርዶቹን የሚያሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ከመጫኛው ጋር አብረው ነው የሚመጡት። ለማንኛውም ሰርቨርን በዋይፋይ አያገናኙ። ከራውተሩ አጠገብ ያስቀምጡትና በገመድ ያያይዙት።

ሲጭኑ ሁለት ቦታ ላይ ቆም ይበሉ። የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ አካውንት፣ ፓስወርድ ሲጠይቅዎት ባዶ አድርገው ይለፉት። እንዲህ ሲያደርጉ የራስዎ አካውንት ሱዶ በሚባለው ኮማንድ እንደ አስተዳዳሪ የመሥራት ፈቃድ ያገኛል። ፓስወርድ ከሞሉለት ሱዶ አይጫንም፤ በኋላ በየኢንተርኔቱ የሚያገኟቸው መመሪያዎች ሁሉ «ሱዶ አልተገኘም» እያሉ ይመልሱዎታል። ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ ምን ምን ይጫን ሲልዎት ዴስክቶፕና ጂኖም ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ኤስኤስኤች ሰርቨር እና መደበኛ መሣሪያዎች የሚሉትን ብቻ ይተዉ። ዴስክቶፕ ከገባ አፕዴቱ ይበዛል፣ ራም ይበላል፤ ይባስ ብሎ ሰው ካልነካኩት ማሽኑን የሚያስተኛ አለ። ፊልሙ መሃል ላይ ሲቆም ጥፋቱን ጄሊፊን ላይ ይጥሉታል።

ሲስተሙ ኤስኤስዲው ላይ ይሁን፤ ፎቶና ፊልሙ 2 ቴራው ላይ። ሁለቱንም ኤክስት 4 በሚባለው የሊኑክስ የዲስክ አደረጃጀት ፎርማት ያድርጓቸው። ሃርድ ዲስኩ ከዊንዶውስ የመጣና ዳታ ያለበት ከሆነ እንዳለ ሰክቼ ልጠቀምበት እንዳይሉ። ሊኑክስ የዊንዶውሱን ኤንቲኤፍኤስ ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ግን መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ ከተቆሸሸ አልከፍትም ይላል፤ በደንብ የሚጠግነው ደግሞ ዊንዶውስ ነው። በየወሩ ዲስክ ነቅሎ ወደ ዊንዶውስ ማሽን መውሰድ ሰርቨር አይባልም። ዳታውን ሌላ ቦታ ገልብጠው፣ ፎርማት አድርገው፣ ይመልሱት።

ባለቤትዎ አስተማሪ ስለሆኑ አንድ ነገር ላንሳ፤ አማርኛ ፋይል ስም ላይ የሚያጋጥም ነው። ኤክስት 4 ላይ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት መብለጥ አይችልም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው የሚይዘው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ሦስት። ስለዚህ በእኛ ፊደል የሚፈቀደው 85 ገደማ ነው። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ 255 ፊደል ይቀበላል። የክፍሉን፣ የትምህርቱን፣ የምዕራፉንና የፈተናውን ዓይነት በአንድ ስም ደርድረው የሚያስቀምጡ ከሆነ ወደ ሰርቨሩ ሲገለበጥ የተወሰነው ፋይል ስሙ ረዘመ ተብሎ ይቀራል። ከሌላው ብዙ ፋይል ጋር ሲያልፍ መቅረቱን ላያስተውሉት ይችላሉ። ስሞቹን አስቀድመው ያሳጥሩ፤ ከገለበጡ በኋላም በሁለቱም በኩል የፋይሉን ብዛት ያወዳድሩ። ከዚህ ውጪ አማርኛ ችግር የለበትም። ዴቢያን ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ የዓለምን ፊደሎች ሁሉ የሚይዘውን ዩቲኤፍ 8 ነው የሚጠቀመው።

አሁን ወደ መብራቱ። ከከተማችን ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች፣ አዳማ አንድ በ51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት በ153 ሜጋዋት፣ የሚያመነጩት ወደ ብሔራዊው መስመር ነው የሚገባው። ተርባይኖቹ ሲዞሩ በመስኮት እያየን ቤት ውስጥ ሻማ ብንፈልግ አይድነቀን። የነፋሱ ድርሻ ለእኛ አቧራው ነው፤ ኦፕቲፕሌክሱን መሬት ላይ አያስቀምጡት፣ በየጥቂት ወሩም ከፍተው ፋኑን ያጽዱ።

ኤክስት 4 ጆርናል የሚባል ነገር አለው። ሊጽፍ ያሰበውን አስቀድሞ ይመዘግባል፤ መብራት ቢጠፋ ሲነሳ ከመዝገቡ ይጠግናል። ይሄ ግን የሚያድነው የዲስኩን አደረጃጀት ነው። በዚያች ቅጽበት እየተገለበጠ የነበረውን ፎቶ አያድንም። ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለባትሪ ሳጥን፣ የግድ ነው። ሲገዙ የዩኤስቢ መስመር ያለው መሆኑን ይዩ። ካለው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነው ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ያደርጋሉ። ዩኤስቢ የሌለው ዩፒኤስ የሚያድንዎት እልም ብሎ ከሚመለሰው መቆራረጥ ብቻ ነው። ማሽን ያልገዛችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ አስቡበት፤ ዩፒኤሱ ውስጡ ነው። ባትሪው አብጦ ከሆነ ግን አውጡት። ያበጠ ባትሪ በአዳማ ሙቀት ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ መዋል የለበትም።

መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ሊኑክስ አይደለም፤ ባዮሱ፣ ማሽኑ ሲበራ ከሊኑክስ ቀድሞ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ነው። ኦፕቲፕሌክስ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጭነው ይግቡና የፓወር ማኔጅመንት ክፍል ውስጥ ኤሲ ሪከቨሪ የሚለውን «ፓወር ኦን» ያድርጉት። ከዚያ በፊት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032ን፣ ይቀይሯት። የማሽኑ ዕድሜ ከአሥር ዓመት አልፏል፤ ባትሪዋ ሞታ ሊሆን ይችላል። ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ያስተካከሉትን ይረሳል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰዓቱ ሲሳሳት ኢንተርኔት እስኪያስተካክለው ድረስ የድረ ገጽ ሰርተፍኬቶች አይሠሩም፤ አፕዴት ልበል ሲሉም «ይሄ ፋይል ጊዜው ገና ነው» የሚል ግራ የሚያጋባ መልስ ያገኛሉ። በትንሽ ባትሪ ምክንያት ሊኑክስ ሲወቀስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ዲስኮች ሲነሱ የት እንደሚያያዙ የሚጻፍበት ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል አለ። 2 ቴራው ላይ «ኖፌይል» የምትል ቃል ያስገቡ። ያለሷ፣ ዲስኩ አንድ ቀን ቢታመም ወይም ገመዱ ቢላላ፣ ሲስተሙ በሙሉ ኪቦርድ እየጠበቀ መሃል ላይ ይቆማል። ስክሪን የሌለው ማሽን ስለሆነ ከውጭ ሲታይ ሞተ ማለት ነው። ቃሏ ካለች ግን ያለ ፊልም ዲስኩ ይነሳል፤ በኤስኤስኤች ገብተው ምን እንደሆነ ያያሉ።

ለፓኬጁ የደህንነት ማስተካከያ ብቻ በራሱ እንዲገባ ያድርጉ፤ ዴቢያን ላይ አንአተንደድ አፕግሬድስ የሚባለው ይሠራዋል። የሌሊት ፓኬጅ የሚገዙ ከሆነ ሰዓቱን ወደዚያ ይግፉት። ሰርቨሩ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ የሌሊቱ 8 ሰዓት ለእሱ 02:00 ነው። ሲጭኑ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ማድረግም አይርሱ። ኢሚች የሚባለውን የፎቶ ፕሮግራም ከወደዱት ጥሩ ነው፤ ግን የሚወርደው በጊጋባይት ነው፣ ፎቶዎቹን ሲለይም ፕሮሰሰሩን ያስጨንቀዋል። ለጊዜው በሳምባ ፎልደር ይጀምሩ። ለልጆቹ ደግሞ ኪዊክስ የሚባል አለ፤ ውኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በፓኬጅ አይሞክሩት፤ ካለው ሰው በሃርድ ዲስክ ያስገልብጡ። የአማርኛው ግን ትንሽ ነው፣ ይወርዳል።

ፊልም ላይ ያለው ገደብ ከፕሮሰሰሩ ነው። ሦስተኛው ጀነሬሽን ኤች 264 የሚባለውን ቪዲዮ በሃርድዌር ይፈታል፤ አዲሶቹ ፊልሞች የሚመጡበትን ኤች 265 ግን አይችልም። ቲቪው ራሱ የሚችለው ከሆነ ሰርቨሩ ፋይሉን ብቻ ያቀብላል፣ ችግር የለም። ካልቻለ ሰርቨሩ በፕሮሰሰር ጉልበት ሊቀይረው ሲታገል ፊልሙ ይንተባተባል። የሊኑክሱን ዓይነት ቢቀይሩ አይለወጥም።

ከቤት ውጭ ሆኜ ልግባበት ካሉ የራውተር ፖርት፣ ከኢንተርኔት ወደ ቤትዎ የሚያስገባውን በር፣ አይክፈቱ። በተለይ የሳምባውን፣ 445ን፣ በምንም ምክንያት። በሞባይል ዳታ መስመር ላይ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚያገኝዎት የራስዎ የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ (የአደባባይ አይፒ) ስለማይኖርዎት ቢከፍቱትም አይሠራም። ቴይልስኬል የሚባለው በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ያልፋል፤ ስልክዎ ላይና ሰርቨሩ ላይ ይጫናል፣ ለሌላው ዓለም በሩ ዝግ ነው።

አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ ፎቶ የተቀመጠ ፎቶ አይደለም። ያገለገለ ማሽን ውስጥ የመጣ ዲስክ ደግሞ ታሪኩ አይታወቅም። ስማርትሞንቱልስ ጭነው የዲስኩን ጤና ይዩ። የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት፣ ሪአሎኬትድ እና ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉት ቁጥሮች ዜሮ ካልሆኑ ዲስኩን ለፊልም ብቻ ያድርጉትና ለፎቶ ሌላ ይግዙ። ጤነኛ ቢሆንም በተንቀሳቃሽ ዲስክ በየወሩ ባክአፕ ይያዙ፤ ዲስኩ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አይዋል። እናትዎ ወይም እህትዎ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል፤ የመብራት ኃይል ዘሎ ሲመጣ የሚያቃጥለው የተሰካውን ሁሉ ነው።

ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ አንድም ፎቶ ከማስገባትዎ በፊት ሰርቨሩን ከዩፒኤሱ ላይ ነቅለው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት። ያስነሱት። ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉት። ትንሽ ቆይተው መልሰው ይሰኩትና ምንም ሳይነኩ በስልክዎ ፎልደሩ ይከፈት እንደሆነ ይሞክሩ። ሁለት ሦስቴ ይደጋግሙት። ካልተነሳ ስክሪን ሰክተው የቆመበትን መስመር ያንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ ወይ ኤሲ ሪከቨሪ አልበራም፣ ወይ ኖፌይል ተረስታለች።